የኮንሶ አባወራና የካብ ሥራው

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው ሁሉ፣ ተባብሮ መሥራት በአዋጅ ከመደንገጉ በፊት በአርሶ አደራችን ዘንድ የኖረ ባህል ነው። ደቦ፣ ጅጊና ወንፈል የዚሁ ምስክሮች ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ የዩኒየናችንን የምስረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የመሥራች አባሎቻችን ታሪክ በሌሎቹ ገጾች ይቀርባል። እኔም እንደ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ስሙ በመጽሐፍ ያልሰፈረ ነገር ግን ሥራው በዓለም የተመሰከረለትን አንድ አባት ላስታውሳችሁ ወደድሁ። ይህ አባት የኮንሶ አባወራ ነው። አራሽም ነው፤ ግንበኛም ነው።

ከካብ የተሠራ አገር

ኮንሶ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኝ ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዞን ደረጃ የተዋቀረ ነው። ዋና ከተማው ካራት ይባላል። መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ ስስ፣ ዝናቡም የማይታመን ነው። ሲመጣ በኃይል ይመጣል፤ ሲጠፋም ሰብል በቡቃያው ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ አፈሩን በካብ ይዞ ካላቆየ በቀር ገበሬ ሊኖር አይችልም።

በመሆኑም ኮንሶዎች ከ400 ዓመታት በላይ፣ ወደ 21 በሚጠጉ ትውልዶች፣ ተራራውን ከግርጌ እስከ ራስ በድንጋይ እርከን አልብሰውታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ሲሚንቶ የለም፤ ጭቃም የለም። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተመርጦ ተቀምጦ ነው የሚቆመው። መንደሮቹም እንደዚሁ በካብ የታጠሩ ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ግንብ ያላቸው አሉ። ይህ 55 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መልክዓ ምድር በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የአባወራው የሕይወት ጉዞ

የኮንሶ ልጅ ሥራን የሚማረው አባቱን ተከትሎ ድንጋይ በማቀበል ነው። ትልቁ ድንጋይ ለመሠረት፣ መካከለኛው ለፊት፣ ጠጠሩ ለኋላ መሙያ መሆኑን በዓይኑ እያየ ያድጋል። ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሞራ በሚባለው የመንደሩ አደባባይ ያለውን ከባድ ድንጋይ አንስቶ በራሱ ላይ አሳልፎ በመወርወር ጉልበቱን ያሳያል። ወጣቶቹ እዚያው ባለው የጋራ ቤት እያደሩ መንደሩን ከእሳትና ከጠላት ይጠብቃሉ።

ጎጆ ሲወጣ ቤቱን ይሠራል፤ በሣር ክዳኑ ጫፍ ላይም የሸክላ ድስት ይደፋበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው የካብ ዕድሜ ነው። ታላቁ ልጅ ከአባቱ መሬት ሰፊውን ድርሻ ይወርሳል። ይሁን እንጂ የሚወርሰው መሬቱን ብቻ አይደለም። ካቡን የመጠገን ግዴታውንም አብሮ ነው። በየ18 ዓመቱ አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለተከታዩ ሲያስረክብ በሞራው ላይ አንድ ረጅም ግንድ ይተከላል። ስለዚህ የመንደሩን ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ሰው ግንዶቹን ይቆጥራል።

የካቡ ጥበብ

እኛ ባለሙያዎች በግብርና ኮሌጅ ስለ አፈርና ውኃ ጥበቃ የተማርነውን የኮንሶ አባወራ በተግባር ሲሠራው ኖሯል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ የተያዘው አፈር ደግሞ ውኃውን ይይዛል። ትርፍ ውኃ ካቡን እንዳይገፋው መውጫ ይበጅለታል። በእርከኑ ላይ ማሽላ ከቦሎቄ ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በመካከሉም ቅጠሉ ለምግብ የሚውለው የሽፈራው ዛፍ ይተከላል። ከብቶቹ በማሳው ላይ አይለቀቁም። በቤት ታስረው ይቀለባሉ፣ ፍግም ተሸክሞ ወደ እርሻው ይወሰዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ካብ የአንድ ሰው ጉዳይ አለመሆኑ ነው። የላይኛው ጎረቤት ካብ ቢናድ ጎርፉ የታችኛውን ማሳ ይዞ ይሄዳል። የታችኛው ከሥሩ ቢሸረሸር ደግሞ የላይኛው መሠረት ያጣል። አንዱ ሲሰንፍ ሁሉም ይራባል። ስለዚህም በኮንሶ ሥራው በቡድን እየተዞረ ይሠራል፣ ባለማሳውም ለሠራተኞቹ ምግብና ጨቃ ያቀርባል።

ከሞት በኋላ

በኮንሶ በየጎሳው ፖቃላ የሚባል የዘር አባት አለ። የእርሱ ቤተሰብ የጠበቃቸው ደኖች እስካሁን ይታያሉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የእነዚህን አባቶች ሰፊ መሬት ቢያስቀርም፣ አክብሮቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ለተከበረና ለጀግና አባት ደግሞ ከጠንካራ እንጨት የተቀረጸ ዋካ የሚባል ሐውልት ይቆምለት ነበር። እርሱ በመካከል፣ ሚስቶቹ በግራና በቀኝ፣ የገደለው ጠላት ወይም አውሬም አጠገቡ ይቀረጻሉ። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ዋካዎች እየተሰረቁ ለቅርስ ነጋዴ ተሸጠዋል። ከተረፉትና ከተመለሱት ከፊሎቹ ዛሬ በካራት ሙዚየም ይገኛሉ። ዋካ ተሰርቆ ሊወሰድ ይችላል። ካብን ግን ሌባ አይወስደውም፤ የሚያጠፋው ወራሽ ማጣት ብቻ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሲደጋገምና መሬት ሲጠብብ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል። የቀረው ሽማግሌ ጥበቡን ቢያውቅም ድንጋዩን የሚያነሳበት ጉልበት የለውም። አንድ ክረምት ያልተጠገነ ካብ በሚቀጥለው ክረምት የጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል።

በእኛም አካባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ በበጋ ወራት በዘመቻ እርከን እንሠራለን፣ በሪፖርትም እናወጣለን። ነገር ግን በልቅ ግጦሽ የተረገጠውን፣ በክረምት የተናደውን ማን ይጠግነው? በዘመቻ የተሠራ እርከን ባለቤት ካላገኘ ዕድሜው አጭር ነው። የኮንሶው ካብ የቆየው ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ካብ "የአባቴ ነው" የሚለው ልጅ ስለነበረው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበርም እንደ ካብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሥራቾቹ መሠረቱን ጥለዋል። ዕጣ መግዛት፣ ምርትን በማኅበሩ በኩል መሸጥ፣ ብድርን በወቅቱ መመለስ፣ በጠቅላላ ጉባዔ ተገኝቶ ሒሳብ መጠየቅ የየዓመቱ ጥገና ነው። አንዱ አባል ሲጎድል ጫናው በቀሪው ላይ ይወድቃል። ስለሆነም አባቶቻችን ልጆቻቸውን ወደ ማሳው ብቻ ሳይሆን ወደ ማኅበሩም ይዘዋቸው እንዲመጡ፣ ወጣቶችም የአባልነት መዝገቡን የአባቶቻቸው ርስት አድርገው እንዲቀበሉት አደራ እላለሁ።

መልካም የምስረታ በዓል!