የግሽበት ዘመንና የወርቅ አምራቾች አክሲዮን

በባለሀብቶች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ የዶላር የመግዛት አቅም ሲደክም ወርቅ ይወደዳል፣ ወርቅ ሲወደድም የአምራቾቹ አክሲዮን ከወርቁ ቀድሞ ይመነደጋል የሚል። እ.ኤ.አ. 2022 ይህን እምነት ለመፈተን የተመቸ ዓመት ነበር። በሰኔ የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት 9.1 በመቶ ደረሰ፤ ይህ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። ወርቅ ግን ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት በአውንስ 2,000 ዶላርን ተሻግሮ ሳለ፣ በመስከረም ወደ 1,630 ዶላር ገደማ ወረደ። የዓለም ትልቁ ወርቅ አምራች የኒውሞንት አክሲዮንም በሚያዝያ ከ80 ዶላር በላይ ወጥቶ በመኸሩ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። ወርቅ ወለድ አይከፍልም፤ ስለዚህ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በታኅሣሥ ከ4 በመቶ በላይ ሲያደርሰው፣ ወርቅ ይዞ መቀመጥ የሚያሳጣው ገቢ በዚያው ልክ ጨመረ። የወርቅን ዋጋ የሚገፋው እንግዲህ ግሽበቱ ራሱ ሳይሆን ማዕከላዊ ባንኩ ለግሽበቱ የሚሰጠው መልስ ነው።

የአክሲዮኑ ውድቀት ግን በወርቁ ዋጋ ብቻ አይገለጽም። የ2021ም ሆነ የ2022 አማካይ የወርቅ ዋጋ 1,800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኒውሞንት ለአንድ አውንስ ያወጣው ጠቅላላ ወጪ ግን ከ1,062 ወደ 1,211 ዶላር አሻቀበ። በዚህ ስሌት ከእያንዳንዱ አውንስ ይተርፍ የነበረው አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ከጭማሪው ከፊሉ ምርቱ ከታቀደው በማነሱ የመጣ መሆኑ አይካድም፤ የቀረው ግን በአመዛኙ ከግሽበቱ ነው። በአንድ ቶን ድንጋይ አንድ ግራም ወርቅ ብቻ ካለ፣ አንድ አውንስ ለማግኘት ከሠላሳ ቶን በላይ መፍጨት ያስፈልጋል። ድንጋዩን የሚንደው ፈንጂ የሚሠራበት አሞኒየም ናይትሬት ከተፈጥሮ ጋዝ ይመነጫል፤ ከመቶ ቶን በላይ የሚሸከሙት መኪኖች ናፍጣ ይፈልጋሉ፤ ወፍጮው የሚፈጭባቸው የብረት ኳሶች እያለቁ በየጊዜው ይተካሉ። ወርቁን የገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አክሲዮኑን የገዛ ሰው ግን፣ ወደደም ጠላም፣ የናፍጣና የደመወዝ ዋጋ ባለዕዳ ሆኗል።

እዚህ ላይ የ1970ዎቹ ዓመታት በተቃውሞ መነሣታቸው አይቀርም፤ ወርቅ በግሽበት መሐል ከ35 ዶላር ተነሥቶ በጥር 1980 850 ዶላር ደርሷልና። ነገር ግን 35 ዶላር በመንግሥት ውሳኔ ታስሮ የኖረ ዋጋ ስለነበር የመነሻው ዝላይ ከፊሉ የእስሩ መፈታት ነው፤ በተረፈም በእነዚያ ዓመታት ወለዱ ብዙ ጊዜ ከግሽበቱ በታች ነበር። የሚበልጠው ማስረጃ ከጫፉ በኋላ ያለው ነው። የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር ወለዱን ወደ 20 በመቶ ካወጣው በኋላ፣ በ1982 አጋማሽ ግሽበቱ ገና 7 በመቶ አካባቢ ሳለ ወርቅ ወደ 300 ዶላር ወርዶ ነበር። እንዲያውም የአምራቾች ወርቃማ ዘመን የሚባለው ዋጋ የረከሰበት ጊዜ ነው፦ በ1930ዎቹ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ደመወዝና ዕቃ ረክሶ፣ በ1934 የወርቅ ዋጋ በሕግ ከ20.67 ወደ 35 ዶላር ሲነሣ፣ የደቡብ ዳኮታው ሆምስቴክ ኩባንያ አክሲዮን በብዙ እጥፍ አድጓል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከ2023 ወዲህ ወለዱ ከፍ እንዳለ ወርቅ መውጣቱን ቀጥሏልና የወለዱ ማብራሪያ ፈረሰ ይባላል። በከፊል እውነት ነው። የሩሲያ የውጭ ምንዛሪ ክምችት በ2022 ከታገደ ወዲህ ማዕከላዊ ባንኮች እስከ 2024 በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል፤ እነሱም የሚሸሹት የእገዳን ሥጋት እንጂ የወለድን ማነስ አይደለም። ይህ ግን የግሽበቱን እምነት አያድነውም። ወርቅ በጥቅምት 2025 4,000 ዶላርን ሲሻገርና የአምራቾቹ አክሲዮን ከወርቁ በላይ ሲያሻቅብ፣ የአሜሪካ ግሽበት 3 በመቶ አካባቢ ነበር፤ የማውጫ ወጪውም ቢጨምር ከወርቁ ዋጋ ኋላ ቀርቶ ነበር።