ከጎንደር እስከ ቂሊንጦ፦ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የመድኃኒት ጉዳያችን

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳይርቅ የሚገኘው ቂሊንጦ ለብዙ ዘመን ጤፍና ሽንብራ የሚያበቅል ጥቁር አፈር ነበር። ስሙ በከተማው ነዋሪ ዘንድ የታወቀው ግን ከእርሻው ይልቅ በማረሚያ ቤቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫው እዚያው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የቢራ ፋብሪካ ተተክሎበታል። እኛን የመድኃኒት ባለሙያዎችን በይበልጥ የሚመለከተን የመድኃኒት ፋብሪካዎች በአንድነት እንዲሰፍሩበት ተብሎ የተከለለው፣ ወደ 280 ሔክታር የሚጠጋው መሬት ነው። ቦታው የተዘጋጀው ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። አገሪቱ መድኃኒትን በምን ደረጃና በምን አኳኋን ልትሠራ እንደሚገባት የሚያመለክተው ዕቅድ ደግሞ በዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ ተጽፏል።

ይህን ቦታ በሚገባ ለመረዳት ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አቅሟ ያነሰ አገር ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ስትሠራ ምን እንደምታገኝ፣ ምንስ እንደሚቀርባት የሚታየው በዚያ ረዥም መዝገብ ላይ ነውና።

ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር ያቀረበችው አቤቱታ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ምን ምላሽ እንዳገኘ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከእንዲህ ዐይነቱ ጉባኤ ፊቷን ብታዞር የሚፈርድባት ባልነበረ። ነገር ግን ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል አንድ ነገር አስተምሯል፤ ከአንድ ኃያል መንግሥት ብቻ የሚመጣ ገንዘብና አማካሪ ከእነጌታው ነው የሚመጣው። ስለዚህም በ1936 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944) የአርባ አራት አገሮች ልዑካን በብሬተን ዉድስ ተሰብስበው የዓለም ባንክን ሲመሠርቱ፣ በብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን የሚመራው የኢትዮጵያ ልዑክ ከመካከላቸው ነበር። ከልዑካኑ አንዱ የሆኑት የመንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ አሜሪካዊ መሆናቸው፣ በዘመኑ የነበረውን የባለሙያ እጦት ሳይናገሩት ይናገረዋል።

መስከረም 1943 ዓ.ም. ባንኩ ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በዚያው ዓመት ለስልክ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ተጨመረ። የገንዘቡ መጠን ለዛሬ ሰው ያስቅ ይሆናል። ቁም ነገሩ ያለው ባንኩ ከገንዘቡ ጋር ባቀረበው ጥያቄ ላይ ነው፤ በራሱ ሒሳብ የሚተዳደር፣ ሠራተኛውን ራሱ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ይቁም አለ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ የልማት ባንክና የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የቆሙት በዚህ መንገድ ነው። የብድሩ ዘመን ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን ስማቸውና ቅርጻቸው እየተለዋወጠ እስከ ዛሬ አሉ።

በጤናው በኩል የዚህ ዐይነቱ ሥራ ዋነኛ ምሳሌ ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ጨረሰ ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ከእነዚያም የሚበዙት የውጭ ዜጎች፣ መኖሪያቸውም ከተማ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ቢባል ደምቢያ ባዶ ሜዳ ሆኖ በቀረ። በማግሥቱ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ድርጅት ተባብረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ከፈቱ።

ከአራቱ ተባባሪዎች አንዱ ብቻውን ቢሠራው ኖሮ ሌላ ነገር በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኮሌጁ ያወጣው ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና ሳኒቴሪያንን ነው፤ ሦስቱም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር የጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ታስቦ። ጤና መኮንን የሚባለው ባለሙያ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ለኢትዮጵያ ችግር ተብሎ የተፈጠረ ሙያ ነው። አንዳንድ ሐኪሞች «ግማሽ ሐኪም» እያሉ ይንቁት እንደ ነበር የቀድሞ ባልደረቦቻችን ያስታውሳሉ። የሠለጠነው ሰው ግን ውል ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ አልነበረምና እዚሁ ቀረ።

የዚህ ፍሬ የታየው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ጥር 1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ በዚያው በፈረንጆቹ 1971 ዓመት የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ26 ሺህ በላይ ነበር። የዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት ገንዘብ፣ ክትባትና አማካሪ ላከ፤ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች መጡ። ተራራውን ወጥተው በረሓውን ወርደው መንደር ለመንደር በሽታውን ያሳደዱት ግን በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ጎንደር ያፈራቸው ሳኒቴሪያኖች ይገኙባቸዋል። መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦርነት ሲነሣ ዘመቻው ተሰናከለ እንጂ አልቆመም። የመጨረሻው ሕመምተኛ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ።

መድኃኒት በመሥራት በኩል ግን ተመሳሳይ ታሪክ መናገር አይቻልም። የፋርማሲ ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ተከፈተ፤ ኢፋርም የተባለው ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ለእነዚህ ጎንደርን የሚያህል ትብብር አልተደረገላቸውም። የዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ 200 የሚጠጉ መሠረታዊ መድኃኒቶችን ዝርዝር ሲያወጣ፣ ድሃ አገሮች የትኛውን መድኃኒት መግዛት እንደሚገባቸው በሚገባ ነገራቸው። የትኛውን መሥራት እንደሚችሉ የሚያስረዳው ምክር ግን ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣ። ከዚያም የኤድስ ዘመን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት ያቀረቡት ገንዘብ ባይኖር፣ ጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ባልታሰበ ነበር። ያዳነው ሕይወት ብዙ ነው፤ ማንም ይህን ሊያሳንስ አይገባውም። መድኃኒቱ ግን በአመዛኙ ከሕንድ ፋብሪካዎች ይገዛ ነበር።

ግንቦት 2006 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 250 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀው በዚህ መካከል ነው። ገንዘቡ ለተወዳዳሪነትና ለሥራ ፈጠራ ተብሎ የተሰጠ ሲሆን፣ ቂሊንጦና የቦሌ ለሚ ሁለተኛ ክፍል የተሠሩት ከዚሁ ነው። በጋዜጣ «ርዳታ» እየተባለ ቢጻፍም ብድር ነው፤ በረዥም ዘመን የሚከፈል፣ ከገበያ ብድር እጅግ የቀለለ፣ ነገር ግን ልጆቻችን የሚከፍሉት ብድር። ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በአዲስ አበባ በተደረገበት ወር፣ የአሥር ዓመት የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ስትራቴጂ ይፋ ሆነ። ዘመኑም እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 ነበር።

እዚህ ላይ ከብዙ ውይይታችን የሚጎድለውን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በአንድ በኩል ባንኩ ለፋብሪካ የሚሆን መሬት እንድናሰናዳ ያበድረናል። በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ ሕመምተኛ መድኃኒት የሚገዛው ሌላው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ የሚውለውን መድኃኒት የሚገዛው በዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት ቅድመ ብቃት ከተረጋገጠለት ወይም ጥብቅ ቁጥጥር ካላቸው አገሮች ፈቃድ ካገኘ አምራች ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ የማይረባ መድኃኒት ለድሃ ይበቃዋል የሚል ባለሙያ ከመካከላችን እንደማይገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ያንን ማረጋገጫ ለማግኘት ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን ለማውጣት ገበያ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ገበያ ደግሞ ማረጋገጫ በሌለው ፊት ተዘግቷል። አንዱ እጅ ቤት ይሠራል፣ ሌላው እጅ ገበያውን ይዞ ሌላ ቦታ ይገበያያል። ሁለቱ እጆች የአንድ አካል መሆናቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው ባለመኖሩ፣ መንገድ የተዘረጋለትና መብራት የገባለት ቦታ የሚሰፍርበትን ፋብሪካ የሚጠብቅ ሆነ። በጎንደር ሰዉ አስቀድሞ ሠልጥኖ ቤቱ ተከተለ ማለት ይቻላል። በቂሊንጦ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

ይሁንና ባንኩ በቂሊንጦ ምንም አላስተማረንም ማለት አይደለም። የመሬቱን ጉዳይ እንመልከት። ሥራው ሲጀመር ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዛል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ገበሬው ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ሕጉ እምብዛም መልስ አልነበረውም። ሲያርስ የኖረ ሰው ድንገት በእጁ የያዘው ብር የዋጋ ንረት ባለበት ከተማ ዳር ምን ያህል እንደሚቆይ ለመገመት የኢኮኖሚ ትምህርት አያሻም። የባንኩ የማስፈር ደንብ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ የተነሣው ሰው ኑሮ ከቀድሞው ቢሻል፣ ቢያንስ ደግሞ ወደ ቀድሞው ቢመለስ ነው ሥራው ተፈጸመ የሚባለው። በመሬቱ ላይ ሕጋዊ ይዞታ ያልነበረውንም ሰው ከቁጥር አያወጣውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሥሩን እጥፍ ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ፣ የተነሺዎችን ኑሮ መልሶ ስለማቋቋም በግልጽ ደንግጓል። ይህ ለውጥ ከባንኩ ደንብ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የገበሬዎቹ የራሳቸው ምሬት ከሁሉ የበለጠ ኃይል ነበረው። በአበዳሪ ደንብ ሲሠሩ የቆዩ የመንግሥት ባለሙያዎች ልማድ ግን ወደ ሕግ ጽሑፍ መግባቱ አይቀርም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ነገር እንዲሁ ነበር።

የመጨረሻው ጉዳይ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ከከርሰ ምድር የምታገኘው ውኃ ትልቁ ክፍል ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳ ሲሆን፣ የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የከተማይቱን ፍሳሽ ተሸክሞ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንዳደረገው የአካባቢው ሰው በአፍንጫው ያውቀዋል። የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች በሕንድ፣ በሐይደራባድ አጠገብ በፓታንቼሩ፣ ከብዙ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ አጣርቶ በሚለቀው ውኃ ውስጥ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን በሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን በልጦ አገኙት። ማጣሪያው ሥራውን ይሠራ ነበር፤ የተሠራው ግን ፀረ ተሕዋስያንን እንዲያስቀር አልነበረም። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ የሚራባ ተሕዋስ መድኃኒቱን መልመዱ አይቀርም። የዓለም የጤና ጥበቃ ድርጅት ከፀረ ተሕዋስያን ፋብሪካዎች የሚወጣን ፍሳሽ የሚመለከት የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። ያን ጊዜ የቂሊንጦ መሬት ተከልሎ፣ መንገዱ ተዘርግቶ አልቆ ነበር። በመመሪያው መሠረት የሚለቀቀውን መጠን ወስኖ ለፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ አበዳሪው ባንክ ሳይሆን የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ልኬቱን የሚወስዱትም ከዚሁ ማኅበር አባላት መካከል የሚገኙ የመድኃኒት ባለሙያዎችና ኬሚስቶች ናቸው።