የተማሪዎች የጥርስ ሕክምና፦ ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የልጅ የጥርስ ሕመም ብዙውን ጊዜ ለሐኪም የሚቀርበው ጥርሱ ተቦርቡሮ እንቅልፍ ከነሣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መንቀል ይሆናል። ይህን ልማድ በመለወጥ ረገድ ኒው ዚላንድ ቀዳሚ ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምልምል ወታደሮች ጥርስ ተበላሽቶ መገኘቱ ብርቱ ሐሳብ ስላሳደረ፣ ቶማስ ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1921 ወጣት ሴቶችን ለሁለት ዓመት እያሠለጠኑ በየትምህርት ቤቱ የሚመድቡበትን ሥርዓት መሠረቱ። በዚህም ሕፃኑ ወደ ሐኪም መሄዱ ቀርቶ ሕክምናው ወደ ሕፃኑ መጣ።

ሆኖም የሕክምና ወንበርና መሰርሰሪያ በሁሉም ስፍራ አይገኙም። ለዚህም መፍትሔ የሚሆን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ ተጀመረ፤ የበሰበሰውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ መሙላት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 አስተዋወቀው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው። ነገር ግን ጥርስ ለማሳየት ወደ መዲናዪቱ መመላለስ ለወላጅ የቀን ገቢ ማጣት፣ ለተማሪም ከትምህርት መቅረት ነው። የመፍትሔው ዝርዝርም ከአካባቢው ጋር መስማማት አለበት። በወንጂ የውኃው ፍሎራይድ በዝቶ ጥርስን ሲያበላሽ ታይቷልና፣ ፍሎራይድ ከማደል በፊት ውኃውን መመርመር ይገባል።

ከታሪኩ የሚገኘው ዋና ትምህርት ግን አንድ ነው። በኒው ዚላንድ አገልግሎቱን ያጸናው የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን፣ የሠለጠነችው ባለሙያ የተማሪዎቹን ስም በመዝገብ ይዛ በየስድስት ወሩ ተመልሳ ማየቷ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ የማይመለስ ቡድን የሚሠራው ሥራ ዘመቻ እንጂ አገልግሎት አይባልም።