ዳውላ፣ ስልቻና ጆንያ በጀጎል

በንግድ ታሪክ ውስጥ ስለ ዕቃው፣ ስለ ዋጋውና ስለ መንገዱ ብዙ ይነገራል። ዕቃው ስለሚታሸግበት ከረጢት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የሐረርን ንግድ ከከረጢቱ ተነሥቶ የመረመረ ሰው፣ ሚዛኑ በማን እጅ እንደነበረና ቡናው በማን ስም እንደተሸጠ ለመረዳት ይችላል።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባሠሩት ግንብ የተከበበችው ጀጎል ከቀድሞ ጀምሮ አምስት በሮች አሏት፤ እነርሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። ገበሬው ከዙሪያው የሚያመጣው ቡናና እህል የሚገባው፣ ወደ ዘይላ ወደብ የሚሄደውም ጭነት የሚወጣው በእነዚሁ በሮች ነበር። የውስጥ መንገዶቹ ጠባቦች ስለሆኑ ጭነቱ ለአህያ ጀርባና ለሰው ትከሻ በሚስማማ መጠን መታሰር ነበረበት።

ለዚህ ሥራ የቆዳ ከረጢት የተመቸ ነበር። ስልቻ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የሚዘጋጅ ሲሆን ዱቄት፣ ማርና ቅቤ ይያዝበታል፤ አቁማዳ ደግሞ ለእህል ያገለግላል። ሐረር በግብጾች አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን (ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.)፣ ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ በ1873 ዓ.ም. የመጣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ካነሣቸው ፎቶግራፎች አንዱ የዳቡላ ሠሪን የሚያሳይ ነው። ዳቡላ ሸቀጥ የሚታሸግበት የቆዳ ከረጢት ነበር። ቃሉም ከአማርኛው «ዳውላ» ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ ዳውላ ጭነትንም የእህል መስፈሪያንም ያመለክታልና። እንግዲህ ከረጢቱ ዕቃ መያዣ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነበር ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረርን በጎበኘበት በ1847 ዓ.ም.፣ በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ የመጀመሪያው የጁት ፋብሪካ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ጆንያ በዓለም ገበያ ተሰራጨ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ጭነቱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ የቆዳውም ከረጢት ቦታውን ለጆንያ እየለቀቀ ሄደ። ጁት አየር ስለሚያስገባ በፀሐይ ደርቆ ለሚዘጋጀው የሐረር ቡና ተስማሚ ነው። በአገር ቤት ገበያ 17 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ፈረሱላ የተለመደ ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ግን በ60 ኪሎ ግራም ጆንያ ይታሸጋል።

ጆንያ ቡናውን ካራገፈ በኋላም ሥራ አይፈታም። በጊድር መጋላ ዕቃ የሚሰጣበት ምንጣፍ፣ ለተሸካሚው የትከሻ መደገፊያ፣ ለቤትም የእግር መጥረጊያ ይሆናል። በትምህርት ቤት የስፖርት በዓል ልጆች እግራቸውን በጆንያ ከተው እየዘለሉ ይሽቀዳደማሉ። አባቶች ወገባቸውን ያጎበጡበት ከረጢት ለልጆች መሣቂያ ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን በጆንያው ላይ የሚጻፈው ስም ነው። የሐረር ቡና በቀይ ባሕር በኩል ሲወጣ ለብዙ ዘመን በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ ተሸጧል። ዘግይቶም የሐረር ስም በውጭ ገበያ ሲታወቅ፣ ስሙን በሕግ የሚጠብቅለት አልነበረም። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ክርክር ከተነሣ በኋላም በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ።

የዳቡላው ሠሪ ከረጢቱን በገዛ እጁ ሰፍቶ ለነጋዴ ያስረክብ ነበር፤ በቡናው ላይ የሚሰየመው ስም ግን ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ዛሬ ስሙ ባለቤት አግኝቷል። ከስሙ የሚገኘው ጥቅም ቡናውን ከለቀመው ገበሬና በእጇ ከምትለቅመው ሴት ስልቻ እስኪደርስ ድረስ ግን ጉዳዩ ተፈጸመ ሊባል አይቻልም።