ጣሊያን ሲወጣ የታዘሉት

እስቲ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሽማግሌ «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ ቁጥር ሳይሆን ታሪክ ነው፦ «ጣሊያን ሲወጣ እናቴ አዝላኝ ነበር አሉ።» ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የእናንተ ነው። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። የታዘለ ልጅ አንድ ወይ ሁለት ዓመት ቢሆነው፣ አባባ የተወለዱት በ1931 ወይ በ1932 ግድም ነው ማለት ነው።

ቀላል ትመስላለች። ግን በአገራችን ስለ ጤናማ እርጅና ላጥና የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይቺን ሒሳብ ነው። ዕድሜያቸውን በትክክል ሳናውቅ «ለዕድሜያቸው ጠንካራ ናቸው» ማለት አንችልም።

መዝገቡ የት ሄደ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። እዚያው ሕጉ መጨረሻ ላይ ግን አንቀጽ 3361 ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ድንጋጌው እንዲቆይ አደረገ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008። ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እንዲሁ አለፈ።

ስለዚህ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 የተካሄዱት ሦስቱ የሕዝብ ቆጠራዎች ዕድሜን በአፍ ከመጠየቅ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። ውጤቱ ሰንጠረዡ ላይ ይታያል። 60 እና 70 ላይ ሰው ይከመራል፣ 61 እና 71 ላይ ይሳሳል።

ይሄ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። ቪልካባምባ የምትባል የኢኳዶር መንደር በአንድ ወቅት «መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አገር» ተብላ በዓለም ገነነች። እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማዜስና ፎርማን፣ የጥምቀትና የሞት መዝገቦችን ሲያመሳክሩ መቶ የደፈነ አንድም ሰው አላገኙም። ሰዎቹ ሰባ ካለፋቸው በኋላ ዕድሜያቸውን እየጨመሩ ይናገሩ ነበር። ቪልካባምባን ያዳናት መዝገቡ ነው። እኛስ መዝገብ ከሌለን ምን ይዘን እናመሳክር?

ይፋት ላይ የምናመሳክረው ከአገሩ ታሪክ ጋር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ 1,300 ሜትር ግድም፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ትወርዳላችሁ። ዋሻው ራሱ ቀን መቁጠሪያ ነው። መሬት ላራሹ የታወጀበት የካቲት 1967፣ ሰሜን ሸዋንም ያልማረው የ1977ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983 ሁሉም ቀን መቁጠሪያ ናቸው። እማማን «በ77 ስንት ልጅ ወልደው ነበር? የመጀመሪያዋስ ያኔ ከብት ታግድ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ ካለፈው የተሻለ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ታሪኩ የሚጠቅመው ዕድሜ ለመገመት ብቻ አይደለም። ቆላ የወባ አገር ነው። በ1950 እና በ51 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። የከፋውም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው፣ ሕዝቡ ወባን ባልለመደበት ከፍታ ላይ ነበር። ዛሬ ሰማንያ የደረሱት ከዚያ ዘመን የተረፉት ናቸው። የተረፉትን ብቻ አይቶ «የቆላ ኑሮ ያጠነክራል» ማለት ያልተረፉትን መርሳት ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ጥያቄው ራሱ እነሱ ጋ አለመድረሱ ነው። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ሴቶችን እስከ 49፣ ወንዶችን እስከ 59 ዓመት ጠይቀው ያቆማሉ። የደም ግፊትና ስኳር ያጠናው የ2015 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ዳሰሳ 69 ላይ ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች በስድስት አገሮች ሲያጠና ከአፍሪካ የገቡት ጋናና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። 59 ላይ በሚቆም ጥናት ውስጥ አባባ የሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ እርጅናን የሚለካው በበሽታ አለመኖር አይደለም፤ ሰው የሚወደውን ነገር ለማድረግ ባለው አቅም ነው። በስድስቱ አገሮች አዛውንቶች አራት ሜትር ሲራመዱ በሰከንድ ይለካሉ፣ የእጃቸው ጭብጥም ይመዘናል። ይፋት ላይ ይሄ ባዕድ አይሆንም። ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ በእግር መድረስ፣ ለቅሶ መቀመጥ፣ ለሽምግልና መጠራት። አንድ ሽማግሌ ከእነዚህ የቱን መቼ እንደተወ ራሱ ያውቀዋል፤ ልጆቹም ያውቁታል።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እሱ እስኪመጣ ጣሊያን ሲወጣ የታዘሉት አይጠብቁንም። ለበዓል አገር ቤት ስትወርዱ ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ፦ ዋሻው ሲፈለፈል ማን ሠራ፣ ወባው ማንን ወሰደ፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ የት ነበሩ፣ ገበያ በእግር መውረድ የተዉት መቼ ነው። ነገ የሚመጣው ተመራማሪ የሚያመሳክረው ነገር ያገኛል።