የታጠበ ቡናና የሴት ገበሬዎች ድርሻ

ቡና በሚመረትባቸው የደቡብና የምዕራብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች እሸቱን ከዛፉ የምትለቅመው፣ በደጅዋ አስጥታ የምታደርቀውና ዝናብ ሲመጣ ሰብስባ የምታስገባው በአብዛኛው ሴት ናት። ትልቁ ሽያጭ ግን የባል ሥራ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ይህ የድካምና የገቢ መለያየት በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መስፋፋት ምን መልክ እንደያዘ መመርመር፣ በቴክኒክ ሙያ ለተሠማራ ሁሉ ቁም ነገር ያስጨብጣል።

በቀድሞው ልማድ ቡናው ከነልባሱ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ በቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በ17 ኪሎ ግራም ፈረሱላ እየተመዘነ ለነጋዴ የሚቀርበው ብዙው ክፍል በባል እጅ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ጨው ወይም ሳሙና ሲያልቅ፣ ሚስት ከጀንፈሉ ጥቂት ቀንሳ ገበያ ትወጣለች። ገንዘቡ አነስተኛ ቢሆንም የምታዝበት እርስዋ ነበረች።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሲዳሞና በሌሎችም አካባቢዎች ማጠቢያ ጣቢያዎች መስፋፋት ሲጀምሩ ሁኔታው ተለወጠ። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። እሸቱ በተለቀመበት ዕለት ይፈለፈላል፤ በገንዳ ውስጥ ቆይቶ ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል። ያልበሰለውንና ያለፈበትን ፍሬ መፈልፈያው ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ የጥራቱ መነሻ የለቃሚዋ ዓይንና እጅ ነው። በአንጻሩ እሸት በቤት ውስጥ አይቆይምና፣ ለጣቢያው የተሸጠው ቡና ከሚስት ጓዳ ወጣ፤ ዋጋውም በአንድ ጊዜ፣ በጣቢያው በር፣ ስሙ በመዝገብ ለተጻፈው ሰው ተከፈለ።

በመዝገቡ የተጻፈው ማን ነበር? በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ መሬቱን ራሱ ለማረስ የሚፈቅድ ማንኛውም ሰው ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንደሚያገኝ ደንግጓል። በተግባር ግን የገበሬዎች ማኅበራት የመዘገቡት በብዛት የቤተሰቡን ኃላፊ፣ ይኸውም ባልን ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም አባላታቸውን በዚያው ፈለግ መዘገቡ። የሥልጠና ጥሪም የአባላትን ስም ዝርዝር ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ስለ ለቀማና ስለ አደራረቅ የሚሰጠውን ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የማይለቅመው ሰው ሆነ።

በሰኔ 1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓቱን ካቆመ በኋላ ዋጋው ወደቀ፤ በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ አሽቆለቆለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የአምራቹን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ለማቅረብ ሲሆን፣ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለውም አሠራር በዚህ መንገድ ወደ ገበሬው ደረሰ። በዚህ አሠራር ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠበ አረቢካ ቡና ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ተወስኗል፤ በተጨማሪም 20 ሳንቲም የልማት ጉርሻ ይከፈላል። የጉርሻውን አዋዋል የሚወስነው የአባላት ጉባኤ ነው። እንግዲህ በመዝገብ ስሟ የሌለ ሴት፣ ዋጋው ፍትሐዊ ቢሆንም እንኳ፣ በገንዘቡ ላይ ድምፅ የላትም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለጉት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም። በሰሜን ፔሩ ከአራት መቶ በላይ ሴት አምራቾች በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ቡናቸውን ከወንዶቹ ለይተው ካፌ ፌሜኒኖ በሚል ስም መሸጥ ጀመሩ፤ ጭማሪው ክፍያም ለሴቶቹ እንዲደርስ ተደረገ። በኢትዮጵያም ሕጉ መንገዱን ከፍቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በመሬት ላይ የሴቶችን እኩል መብት አረጋግጧል፤ የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዟል።

የቀረው ሥራ ይህን የደብተር እኩልነት ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ማድረስ ነው። የአባልነት መዝገቡና የሽያጭ ደረሰኙ የሁለቱንም ስም ይያዝ፤ ሥልጠናው ሴቲቱ ከቤት ሥራዋ ጋር በሚስማማት ሰዓት፣ በመንደርዋ አቅራቢያ ይሰጥ፤ የጥራት ጭማሪ ሲከፈልም ጥራቱን ያስገኘችው እጅ ትታሰብ። ጣቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ የገንዳውን ስፋትና የውኃውን መጠን በጥንቃቄ ያሰላል። ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባም አብሮ ሊያስብ ይገባዋል፤ የጓዳውን ጀንፈል ያስቀረው የእርሱ ሙያ ነውና።