ቃላድ፣ ሐዲድ፣ አስፋልት

የአንድ ቀዬ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል ብቻ አይጻፍም፤ በመሬቱ መለኪያና በመንገዱም ይጻፋል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ያለችው አቃቂ በሰቃ ለዚህ ምስክር ናት።

አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ሜዳ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ የሆነው ገላን ይኖር ነበር። ስሙ ዛሬም በጎረቤት አካባቢ ላይ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የሸዋ መሬት ቃላድ በሚባለው ገመድ ሲለካ፣ በደንቡ ሲሶው ለባላባቱ ተትቶ የቀረው የመንግሥት ሆነ፤ መንግሥትም ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን አደለው። መለኪያው ጋሻ ነበር፤ አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ይሆናል። አራሹ ግን አባቱ ባረሰው ማሳ ላይ ገባር፣ ሲብስም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ ሐዲዱ መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። እያደር የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተከሉ፤ የገበሬው ልጅም በፋብሪካ ደወል ማደር ለመደ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብም ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማው ቦታ ተከተለ። ባለ ብዙ ጋሻው ጌታ በአንድ ዓመት ታሪክ ሆነ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በጠረጴዛዬ የሚያልፈው የይዞታ ካርታ የሚናገረው በካሬ ሜትር ነው፤ በዚህ ስሌት አንድ ጋሻ 400,000 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ካርታው የባለይዞታውን ስም፣ የቦታውን ስፋትና አዋሳኙን ያስታውቃል። ከዚያ በፊት ማን እንዳረሰው፣ ማን እንደ ገበረበት፣ ማን እንደ ተነሣበት ግን አይናገርም። ያንን የያዙት ሽማግሌዎችና የቦታ ስሞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው በታክሲ ረዳት ጥሪ ነው። በኦሮምኛ ግን «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ያየው አፈሩን ነበር፤ ቃላድም፣ ሐዲድም፣ አስፋልትም አላየም። የአቃቂን ቅርስ መመዝገብ የሚሻ ሰው ከስሞቹ ይጀምር፤ ትርጉማቸውን የሚነግሩት አረጋውያን ሳያልፉ።